የሦስት ከተማ አስተባባሪ

ወደ ፖለቲካ የገባሁት ተናድጄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሳወራው ያምርብኝ ነበር። ሰው ሲበደል አይቼ፣ አንጀቴ አርሮ ገባሁ ብል ማን ይከለክለኛል? እውነቱ ግን አንድ ሰው አሞገሰኝና ገባሁ።

የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። የምኖረው እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ የምትባል ከተማ ነው፤ ተማሪዎቼ ግን ከገደራም ከያቭነም ይመጣሉ። በተለይ ዕብራይስጡ ገና ያልገባቸው፣ «ወደ ቀኝ» የሚለውን በአማርኛ ቢሰሙት የሚመርጡ ትልልቅ ሰዎች ይበዛሉ። በሄድኩበት ሁሉ «ሞሬ! ሞሬ!» የሚለኝ አይጠፋም፤ በዕብራይስጥ አስተማሪ ማለት ነው። በዕድሜ የሚበልጡኝ ሳይቀሩ ሞሬ ይሉኛል። እኔም ያን ሁሉ ሰላምታ ፍቅር ነው ብዬ ስሰበስበው ኖርኩ። ሰው የመንዳት አስተማሪውን መንገድ ላይ ሲያይ እጁን የሚያነሣው በግማሹ ሰላም ለማለት፣ በግማሹ ደግሞ ቀበቶ አለማሰሩን ለመሸፈን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ምርጫ በላይ በላዩ ይጠራ በነበረበት በዚያ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ተማሪዬን ያቭነ ቤቷ በር ላይ ሳወርዳት፣ ወንድሟ ወደ መኪናው መስኮት መጣ። ወጣት ጠበቃ ነው፤ እዚሁ የተወለደ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አማርኛውን ከዕብራይስጥ እያማታ የሚናገር።

«ሞሬ፣ ሁለት ደቂቃ አለህ?»

«አለኝ።»

«ፓርቲ እያቋቋምን ነው። የኛ፣ የኢትዮጵያውያኑ የራሳችን። ትልልቆቹ ምርጫ ሲደርስ ይመጣሉ፣ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከሽማግሌዎቻችን ጋር ፎቶ ይነሣሉ፣ ከዚያ ያላ፣ ባይ ብለው ይሄዳሉ። በቃ! ፓርላማው ውስጥ፣ ክነሴት፣ የራሳችን ሰዎች ይግቡ።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አልኩት፣ ሞተሩን ሳላጠፋ።

«ከቂርያት ማላኪ እስከ ያቭነ አንተን የማያውቅ ማን አለ? ካንተ የተማረ ሁሉ ድምፁን ቢሰጠን፣ ቤተሰቡን ቢጨምርበት፣ አንተ ብቻህን አንድ የክነሴት ወንበር ነህ።»

ሞተሩን አጠፋሁ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ሹመት ይዤ ነበር፦ የሦስት ከተማ አስተባባሪ። ቀይ መብራት በያዘኝ ቁጥር ወደ መስታወቱ ዞሬ ማዕረጌን ቀስ ብዬ እናገረው ነበር። ቤት ደርሼ ለሚስቴ ነገርኳት። ሚስቴ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከትንንሽ ልጆች ጋር ስለምትውል ሰው ሲያጋንን ቶሎ ትነቃበታለች።

«ደመወዝ አለው?» አለችኝ።

«የለውም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታስተባብረው?»

«ሕዝቡን።»

«ሕዝቡ ያውቃል?»

ሕዝቡ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ለማሳወቅ ተነሣሁ። ከሌላው ፖለቲከኛ የምሻልበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ የእኔ አድማጭ በቀበቶ የታሰረ ነው፣ በመካከል ተነሥቶ ሊሄድ አይችልም። እያንዳንዱን ትምህርት «መስታወትሽን አስተካክዪ» ብዬ እጀምርና፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ቤት ችግር፣ ጎንደር ተቀምጠው ዘመዶቻቸው ዘንድ ለመምጣት ስለሚጠብቁት ሰዎች እያወራሁ እገኛለሁ። ሦስተኛው ላይ «አሑዝ ሐሲማ» የሚባለውን አስረዳለሁ። አንድ ፓርቲ ክነሴት ለመግባት ከመላው አገር ድምፅ ማግኘት ያለበት ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ከዚያ በታች የቀረ ፓርቲ ያገኘው ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል።

አንዲት የልጆች እናት የቂርያት ማላኪን ትልቁን አደባባይ ስትዞር ይኸው ስብከቴ ላይ ነበርኩ። ከግራ አውቶቡስ መጣ። እሷ አላየችውም፤ እኔ ደግሞ አሑዝ ሐሲማ ላይ ነበርኩ። በኔ በኩል ያለውን ፍሬን ስረግጠው ሁለታችንም ወደ መስታወቱ ተወረወርን። አውቶቡሱ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። ሴትዮዋ መሪውን እንደጨበጠች ወደ እኔ ዞረች።

«ሞሬ፣ ልፈርምልህና ዝም በልልኝ!»

ጥግ ይዘን ቆምንና የአባልነት ቅጹ ላይ ፈረመች። እንዲህ ብላ አባል ሆነች፤ ፈተናውን ግን ወደቀች።

ሌሎቹም ከሷ ብዙ አይለዩም። ፈተናው የቀረበ ተማሪ የለመንኩትን እምቢ አይለኝም፤ አባልነቱን ከትምህርቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ግዴታ የመሰላቸውም ነበሩ። ስለዚህ የአባሎቻችን ቁጥር የሚያድገው ፈተና በሚበዛበት ጊዜ፣ የሚቆመው ደግሞ በበዓላት ሰሞን ነበር። ቁጥሩን ለጠበቃው ሳስተላልፍለት «አየህ ሞሬ፣ ሕዝቡ እየነቃ ነው» አለኝ። አላረምኩትም። ሕዝቡን ያነቃሁት እኔ ነበርኩ ማለት አይደል?

ገንዘቡ ግን እንደ አባሎቹ በፍሬን አልተገኘም። ጠበቃው ሰብስቦ ሲያስረዳን፣ መንግሥት ለፓርቲዎች ገንዘብ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ድምፅ ላገኙት ነው፤ ድምፅ ለማግኘት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ትዝ ያለኝ ግን አደባባይ ገብቶ የትኛው መውጫው እንደሆነ ስላልለየ ብቻ የሚዞር፣ የሚዞር ተማሪ ነው። መውጫ ብለን ያገኘነው ያቭነ ውስጥ አዳራሽ ተከራይተን፣ ዘፋኝ ጋብዘን፣ መግቢያ እያስከፈልን የድጋፍ ምሽት ማድረግ ነበር። አዳራሹ ሞላ፣ ሰው ጨፈረ፣ እኔም ስለ ነጻነት ንግግር አድርጌ ድምፅ ማጉያው ሦስተኛው ቃል ላይ ጠፋብኝ። በማግሥቱ ስንተሳሰብ ገቢው ለዘፋኙና ለአዳራሹ በቅቶ ለፓርቲው አልተረፈም። ጠበቃው «ቤሰደር፣ ግድ የለም፣ ዋናው መታወቃችን ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ የገደራው ስብሰባ መጣ። ማስታወቂያውን ጠበቃው በዕብራይስጥ ጻፈው፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ይህን የምናገረው ጥፋቱን ሌላ ሰው እንዳይወስደው ብዬ ነው። መፈክራችን በዚህ አገር በሚወሰንበት ቦታ ሁሉ ወንበራችን ላይ እንቀመጥ የሚል ነበር። እኔ አሳጥሬ፣ አሳምሬ፣ በትልልቅ ፊደል «ቦታችሁን ያዙ!» አልኩት። ከሥሩም «በገደራ፣ በያቭነ፣ በቂርያት ማላኪ» ብዬ ጨመርኩበት። የአማርኛውን በየሕንፃው በር ላይ ለጠፍነው።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት ሰው ደጁን ሞልቶ አየሁ። ሽማግሌው፣ አሮጊቱ፣ ጎልማሳው፣ ሕፃን ያዘለችው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለጠበቃው ስልክ ደውዬ «ገደራ የኛ ናት!» አልኩት። ወንበር ስላነሰ ከጎረቤት ተበደርን። መድረክ ላይ ወጥቼ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ፤ እንደዚያ ያለ ጸጥታ በሕይወቴ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ጥያቄ ካለ ስል የፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ንግግርህ ደስ ይላል፣ ልጄ። እግዜር ያክብርህ። አሁን ቦታው በየት በኩል ነው?»

«የትኛው ቦታ፣ አባቴ?»

«ያዙ ያላችሁን። ወደ ባሕሩ ነው ወይስ ወደ ዋናው መንገድ?»

ከኋላ አንዲት ሴት ቀጠለች። «በቤተሰብ ቁጥር ነው የሚሰጠው? ወይስ ዕጣ ነው?»

ያን ጊዜ ልብ ብዬ ሳይ ሁሉም መታወቂያውን በእጁ ይዟል። አንዳንዱ የልጆቹን የልደት ወረቀት፣ አንዳንዱ የባንክ ብድር ወረቀቱን በፌስታል ይዞ መጥቷል። ለካ ሰዉ ሁሉ የመሬት ቦታ ሊመዘገብ ነው የተሰለፈው። ለማስረዳት ሞከርኩ። ቦታ ስንል ወንበር ማለታችን ነው፣ ወንበር ስንል ደግሞ ክነሴት ውስጥ ያለው ማለታችን ነው አልኳቸው። ሽማግሌው ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እንግዲያው ቦታው ያንተ ነው በለን እንጂ» አሉና ወጡ።

ግማሹ አዳራሽ ተከትሏቸው ወጣ። የቀሩት ላዘጋጀነው ምግብ ብለው የቀሩ ናቸው። በልተው ሲያበቁ አፍረው ፈረሙልን። ሪፖርቴ ላይ «ከፍተኛ የሕዝብ ብዛት የተገኘበት» ብዬ ጻፍኩ፤ ይህም ውሸት አልነበረም።

አሁን ስለ ሚስቴ ወንድም ልናገር። እሱም ቂርያት ማላኪ ነው የሚኖረው፤ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነው። በየሰንበቱ አማቴ ቤት አብረን እንበላለን፤ ልጆቻችን አብረው አድገዋል። በዚያው ሰሞን እሱም ፓርቲ ገባ። የኛ ፓርቲ ቢሆን መልካም፤ ግን ሌላ ነው። እሱም የኛው ሰዎች ያቋቋሙት፣ እሱም አዲስ፣ እሱም ገንዘብ የሌለው። የሁለቱን ፓርቲ ፕሮግራም ጎን ለጎን አስቀምጬ ልዩነት ፈለግሁ። የኛው ስለ ትምህርት የሚናገረው መጀመሪያ ገጽ ላይ ነው፣ የነሱ ግን ሁለተኛው ላይ። ይህን ትልቅ ልዩነት አድርጌ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ከረምኩ። የድጋፍ ምሽት አደረጉ፤ እዚያው ያቭነ፣ እዚያው አዳራሽ፣ ያንኑ ዘፋኝ ጋብዘው። ከሁለቱ ፓርቲዎች ያደገው ዘፋኙ ብቻ ነው።

እሱ የቂርያት ማላኪ ሊቀ መንበር ነበር፣ እኔ የሦስት ከተማ አስተባባሪ። በማዕረግ እበልጠዋለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሊቀ መንበር ከአስተባባሪ ይበልጣል ብሎ ያስባል። አንድ ሰንበት አማቴ ቤት ይህንኑ ጀመርን፤ እኔ ድምፅ ከፋፋይ ስለው እሱም መልሶ ድምፅ ከፋፋይ አለኝ። አማቴ ሳህን እንደያዙ ቆመው አዩን።

«ሁለታችሁም ከእኔ ማዕድ ነው የምትበሉት። ምነው ሁለት ሆናችሁ?» አሉ።

«እሱን ይጠይቁት፣ እማማ» አልኩ።

«እሱን ጠይቂው፣ እማዬ» አለ ልጃቸው።

«እኔስ የጠየቅሁት ሁለታችሁንም ነው» ብለው ሳህኑን አስቀመጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማዕዱ ላይ ፖለቲካ እንዳይነሣ ከለከሉ።

ብዙዎች ገፋፉንና ምርጫው ሊደርስ ሲል ለመዋሐድ ተቀመጥን። ገደራና ያቭነ መካከል መንገድ ዳር ያለ ነዳጅ ማደያ ካፌ ውስጥ ነበር፤ ከኛ ጠበቃውና እኔ፣ ከነሱ የሚስቴ ወንድምና አለቆቹ። ስለ ቤት ተስማማን። ስለ ትምህርት ተስማማን፤ አንደኛው ገጽ ላይ ይሁን ተባለ። ስለ ጎንደሮቹ ተስማማን። ስሙን እንኳ ለሁለት ከፍለን ከየፓርቲው አንዳንድ ቃል ወሰድን። በመጨረሻ ጠበቃው «አንደኛ ማን ይቀመጥ?» ሲል ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ጉሮሮውን ጠረገ። በዝርዝሩ ላይ አንደኛ የሆነ ነዋ ክነሴት የሚገባው። እያንዳንዱ ስለ አንድነት ረጅም ንግግር ካደረገ በኋላ ንግግሩን የሚጨርሰው ራሱን አንደኛ አድርጎ ነው። እኔ እንኳ፣ ማንም ሳያነሣኝ፣ ከኔ በላይ ማን ሕዝቡን ያውቃል የሚል ነገር ተናገርኩ። የሚስቴ ወንድም ሳቀ። ሳቁ አንገበገበኝ። ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ፤ እሱም ተነሣ። በአንድ መኪና ነበር የመጣነው፤ ቂርያት ማላኪ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ከዚያም በኋላ ሰላምታው ቀረ።

የምርጫው ዕለት መኪናዬን አጥቤ ወጣሁ። ጣሪያው ላይ የተማሪ ምልክቱ እንዳለ ነው፤ አይወልቅም። ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ከየሕንፃው እየለቀምኩ ወደ ምርጫ ጣቢያው ትምህርት ቤት አመላለስኩ። ከኋላችን የሚመጣው መኪና ሁሉ ተማሪ ነው የሚነዳው ብሎ ጡሩንባ ሲነፋብን፣ አሮጊቶቹ ሰው የደገፈን መስሏቸው በመስኮት እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ሁሉም ሲወርዱ ጉንጬን ነካ አድርገው ይመርቁኛል። እኔ እያንዳንዷን ምርቃት እንደ ድምፅ ቆጠርኳት። የሚስቴ ወንድምም በፋብሪካው ሚኒባስ ሰው ያመላልስ ነበር። በር ላይ ስንገናኝ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ፣ እሱ ከሚኒባሱ የወረዱትን ሲያይ፣ እኔ ከመኪናዬ የወረዱትን ሳይ፣ ሁለታችንም ስናሸንፍ ዋልን።

አማቴን ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ምርጫው ቀላል ነው፤ መጋረጃው ጀርባ የየፓርቲው ፊደል ያለበት ትንንሽ ወረቀት ተደርድሯል፣ የፈለጉትን አንሥቶ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ሳጥን ውስጥ መጣል ነው። የኛን ፊደል ለሳምንታት አስጠንቻቸው ነበር፤ «ጭራ ያላት ናት፣ እማማ።» ልጃቸውም የራሱን አስጠንቷቸው ኖሯል፤ የነሱ እንደ መንጠቆ የጎበጠች ናት። አማቴ ገብተው ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው ፈክቷል።

«እንዴት ነበር፣ እማማ?»

«ምስጢር ነው» አሉኝ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ውጤቱ ታወቀ። ቴሌቪዥኑ ላይ የፓርቲዎቹ ስም ከነወንበራቸው ተደረደረ። ስማችንን ከላይ ወደ ታች ፈለግሁ፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ። ሚስቴ ጣቷን የመጨረሻው መስመር ላይ አደረገች። «ሌሎች» ይላል።

«ይኸው፣ ወንድሜም እዚሁ ነው» አለች። «ተዋሐዳችሁ።»

ያን ጠዋት ትምህርት ነበረኝ። ተማሪዋ ከሠራዊት በቅርቡ የወጣች ልጅ ናት፤ ከምርጫው ቀን በፊት እንዳጫወተችኝ፣ ምርጫ ጣቢያው ላይ ጸሐፊ ሆና ልትሠራ ተቀጥራ ነበር። መንገድ እንደጀመርን በጎን አየችኝ።

«ሞሬ፣ ልንገርህ ወይስ አልንገርህ?»

«መስታወት እያየሽ ንገሪኝ።»

«ማታ ስንቆጥር አንዱን ፖስታ ከፈትነው፣ የናንተ ወረቀትና የዚያኛው ፓርቲ ወረቀት አብረው ወጡ። እሺ፣ አንድ ሰው ተሳስቷል አልን። ሌላው ተከፈተ፣ እንደዚያው። ሌላው፣ እንደዚያው። ሁሉ ፓሱል።»

ፓሱል የተሰረዘ ማለት ነው፤ ሁለት የተለያየ ወረቀት አንድ ፖስታ ውስጥ ከተገኘ ድምፁ አይቆጠርም።

«ለብቻችን ያገኘነውስ?» አልኳት።

«ለብቻችሁ ያገኛችሁት ከፓሱሉ ያንሳል፣ ሞሬ። የነሱም ያንሳል።» ከዚያ ፍሬን ያዘች። «ቀይ ነው» አለችኝ። አላየሁትም ነበር።

ትምህርቱን ጨርሼ ወደ ገበያው ስዞር የሚስቴን ወንድም አማቴ ቤት ፊት ለፊት ባለው አጥር ሥር አገኘሁት። ማስታወቂያ እየፋቀ ነበር፤ ምርጫ ካለቀ የለጠፈ ሁሉ ያነሣል። በላዩ የሱ አለ፣ ከሥሩ ፎቶዬ ያለበት የኔ፣ ከሥሩ ደግሞ የሱ፤ ያን ሰሞን አንዳችን ባንዳችን ላይ ስንለጥፍ ስለከረምን እንደ ሽንኩርት ቢላጥ አያልቅም። መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። ቀና ብሎ አየኝና መፋቁን ቀጠለ። ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ልጅቷ የነገረችኝን እንዳለ ነገርኩት። መፋቂያው እጁ ላይ ቀረ።

«እናቴ ናት» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ሌላ ማን እንዲህ ያደርጋል? ና፣ እንሂድ።»

አማቴ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ትናንት መኪናዬ ውስጥ ነበሩ። አብረን ስንገባ ሲያዩን ብድግ አሉ። እኔና እሱ በአንድ በር ከገባን ቆይተናል።

«እሰይ! ገባችሁ?» አሉን። ክነሴቱን ማለታቸው ነው።

«አልገባንም፣ እማዬ» አለ ልጃቸው።

«ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም።»

«እኔ እኮ ሰጥቻችኋለሁ።»

«ለማን ነው የሰጠሽው?»

«ለሁለታችሁም ነዋ። ላንዱ ብሰጥ አንዱ ይከፋዋል። ባለጭራዋንም ባለመንጠቆዋንም አንድ ላይ አድርጌ ከተትኳችሁ።» ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። «ለነሱም ነገርኳቸው፣ ለታችኛው ሕንፃ ሰዎችም ነገርኩ። ሁለቱም ልጆቼ ናቸው፣ እንዳትለዩብኝ አልኳቸው።»

ጎረቤቶቹ «አልለየንም፣ አልለየንም» አሉ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው።

የሚስቴ ወንድም ቁጭ አለ። «እማዬ፣ ሁለት ወረቀት አንድ ፖስታ ውስጥ ካለ ይጥሉታል እኮ።»

«ለምን ይጥሉታል?»

«ማንን እንደመረጥሽ አያውቁማ።»

«እንዴት አያውቁም? ሁለታችሁንም!» ወደ እኔ ዞሩ፤ የሚያስረዳቸው ሰው የፈለጉ መሰለኝ። እኔ ግማሽ አገሩን አሑዝ ሐሲማ ሳስረዳ የከረምኩ ሰው፣ ላማቴ ያለኝ አንድ መስመር ብቻ ነበር። «ደንቡ ነው፣ እማማ፤ አንድ ወረቀት ብቻ ነው የሚቆጠረው» አልኩ።

እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ታዲያ አንድ ወረቀት ማሳተም ያቃታችሁ እናንተ ናችሁ እንጂ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። እኔ ላለመሳቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ እዚያ ማዶ አጥሩ ላይ ግማሽ ፊቴ ተፍቆ ግማሹ ተንጠልጥሎ ሳየው አልቻልኩም። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። አማቴ ተቆጥተው ነበር፤ ቆይተው እሳቸውም ሳቁ። ምሳ አቀረቡልን። ስንበላ እሱ በአእምሮው ሲደምር ቆየና፣ የኔንም የሱንም የተሰረዘውንም አንድ ላይ ብናደርገው አሑዝ ሐሲማው አጠገብ እንኳ እንደማንደርስ ነገረኝ። እኔም አውቅ ነበር። ቢሆንም «ሌሎች» ከሚለው ወጥተን ስማችን ይነበብ ነበር አልኩት። በዚህ ተስማማ፤ ከነዳጅ ማደያው ወዲህ የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ፓርቲያችን አንድ ቀን ሞተ ተብሎ አልተነገረም። ስብሰባው ቀረ፣ መልእክቱ ቀረ፣ ጠበቃው ስልክ ማንሣት ተወ። ከጊዜ በኋላ ከትልልቆቹ ፓርቲዎች በአንዱ ዝርዝር ላይ ስሙን አየሁት፤ ከታች፣ ማንም ሰው ከማያነበው ቦታ። ደውዬ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። «ሞሬ፣ ከውስጥ ሆኖ መሥራት ይሻላል» አለኝ። እኔም ወደ ማስተማሬ ተመለስኩ። ተማሪዎቼ አሁን ፈተና የሚያልፉት ከድሮው በተሻለ ነው፤ ሚስቴ ዝም ስላልክ ነው ትላለች።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ምርጫ ተጠራ። ዋዜማው ላይ አማቴ እኔንና ልጃቸውን አስጠሩንና ፊት ለፊታቸው አስቀመጡን።

«ዘንድሮስ ስንት ናችሁ?»

«ማንም አይደለንም፣ እማማ» አልኩ። «አልተወዳደርንም።»

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ግን ጠቆረ።

«ታዲያ ማንን ልምረጥ?»

እሱ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን። ዓመት ሙሉ ሕዝቡ ማንን መምረጥ እንዳለበት ስንጮህ የከረምን ሰዎች፣ አማቴ አንድ ጊዜ ከልባቸው ቢጠይቁን፣ ነገ በስንት ሰዓት እንደምንወስዳቸው ብቻ ነገርናቸው። በማግሥቱ ሁለታችንም አብረን ወሰድናቸው። ገብተው ቶሎ ወጡ። ምን እንዳደረጉ አልጠየቅናቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩንም። መኪና ውስጥ ገብተው ቀበቶአቸውን አሰሩና፣ ዛሬ ሥራ ከሌላችሁ ገደራ እህቴ ዘንድ አድርሱኝ አሉን።